በሮሆቦት ክፍል የተቀዳው መዝሙር

ማክሰኞ፣ ጥቅምት 4 ቀን 2018፣ ዲላ

ዛሬ የሮሆቦትን አልጋ ወደ ግድግዳው አስጠግቼ ላፕቶፔን ጠረጴዛዋ ላይ ዘረጋሁት። ልጃችን ሐዋሳ ዩኒቨርሲቲ ከገባች ገና ጥቂት ሳምንት ነው። ክፍሉ ባዶውን ከሚቀመጥ ሥራ ይሠራበት ብዬ ነው እንጂ ሌላ ምክንያት የለኝም። ባለቤቴ ትንቢት በሩ ላይ ቆማ ስታየኝ ቆየችና «ፎቶዋን ግን ከግድግዳው እንዳታወርደው» አለችኝ። ማን ሊያወርደው!

ይህን ደብተር የጀመርኩት የምማረውን እንዳልረሳ ነው። ድምፅ የሚቀዳና የሚያቀናብር ሶፍትዌር ለሙከራ አውርጃለሁ። ዩቲዩብ ላይ አንድ ሕንዳዊ ልጅ ወዲያው ትለምዱታላችሁ ይላል። እኔ ድምፄ ለምን አልገባም እያልኩ ስፈልግ አመሸሁ። በመጨረሻ ያገኘሁት ነገር ቢኖር ማይኩ አለመሰካቱን ነው።

ቢሆንም ደስ ብሎኛል። አርባ ስምንት ዓመት ሞልቶኛል። ቀኑን የምውለው የከተማው የውሃ መስመር ላይ ነው፤ የብረት ዘንግ መሬት ላይ ተክዬ፣ ጆሮዬን ዘንጉ ላይ ለጥፌ፣ ቧንቧው ከሥር የት ጋ እንደሚያፈስ አዳምጣለሁ። በጆሮዬ እንጀራዬን የምበላ ሰው ነኝ። ለዚህ ሥራ ከእኔ የተሻለ ማን አለ?

ሐሙስ፣ ጥቅምት 6

መናኸሪያው አጠገብ ኮምፒውተር የሚጠግነው ልጅ ሙሉውን ሶፍትዌር በፍላሽ ሊጭንልኝ ነበር። «ጋሼ፣ ክራክ ነው፤ አገር ሁሉ የሚጠቀመው ይሄንኑ ነው» አለኝ። እየከነፍኩ መጥቼ ለትንቢት ነገርኳት። ሽንኩርት መክተፏን አቁማ አየችኝ።

«በተሰረቀ ዕቃ ነው እግዚአብሔርን የምናመሰግነው?»

«እንዴ፣ ሁሉም እኮ…»

«ሁሉም ያመስግንበት። እኔ አልዘምርበትም።»

ትንቢት የኳየራችን ሶሎ ዘማሪ ናት። እሷ ካልዘመረች የሚቀረኝ የሺሃረግን ዶሮ መቅዳት ነው። የሺሃረግ የአጥር ጎረቤታችን ናት፤ ዶሮዋ ደግሞ ሰዓት የማያውቅ ዶሮ ነው፤ በቀትር ሳይቀር ይጮኻል።

እሺ፣ እገዛለሁ። እንዴት እንደምገዛው ግን አላውቅም። የሚሸጡት ውጭ አገር፣ በዶላር ካርድ ነው። እኔ ያለኝ የደመወዝ ካርድ ብቻ ነው።

እሁድ፣ ጥቅምት 9

ዛሬ ከአምልኮ በኋላ የኳየሩ መሪ ሲሞን ሰበሰበን። የእማማ ካሳነሽን አዲስ መዝሙር ልናጠና ነው።

እማማ ካሳነሽ የኮንጋ ሴት ናቸው፤ ኮንጋ ይርጋጨፌ አጠገብ ነው። የቡና አጠባ ጣቢያው ጋ የተሰጣ ቡና እየለቀሙ መዝሙር ይወጣላቸዋል። ጽፈው አያስቀምጡትም፤ ሁሉም በራሳቸው ውስጥ ነው። ሲሞንና ትንቢት ባለፈው ወር ኮንጋ ወጥተው አንዱን በቃል ተምረው መጡ። ቋንቋው ጌዴኡፋ፣ የጌዴኦ ቋንቋ ነው። አዝማቹን ትንቢት ዛሬ ብቻዋን ስትለው ፀጉሬ ቆመ። ወደ አማርኛ ስመልሰው እንዲህ ይሆናል፦

ደጅህ ላይ ቆሜያለሁ፣
ድምፄን ታውቀዋለህ፣
ሳላንኳኳ በፊት ትከፍትልኛለህ።

እማማ መዝሙሩን ሲሰጡ የተናገሩትን ሲሞን ከነአማርኛቸው እንዳለ ደገመልን፦ «እንደሰጠኋችሁ ትዘምራለህ። አትጨምርበት፣ አትቀንስበት። ከነካካችሁት ሌላውን አልሰጥም።»

ሌላው ማለት አሥር መዝሙር ነው። ሽማግሌዎቹ አሥሩንም አልበም ሊያደርጉት አስበዋል። ሐዋሳ ወርደን ስቱዲዮ እንቀዳ ወይስ ሌላ መንገድ አለ ሲባል እጄን አወጣሁ። «እኔ ቤት።» አንዳንዶቹ ሳቁ። ሲሞን አልሳቀም። «ወንድም ደጀኔ፣ መጀመሪያ ይቺን አንዷን ቀድተህ አሰማን። ከዚያ በጥር ይርጋጨፌ ኮንፈረንስ ላይ እንዘምራታለን፤ እማማም ይሰማሉ፤ ያኔ እንወስናለን» አለ።

ይሄን ሥራ እፈልገዋለሁ። በሕይወቴ እንዲህ የፈለግኩት ነገር ጥቂት ነው። እኔም እኮ ድሮ ኳየሩ ውስጥ ቴነር፣ ከቀጫጭኖቹ ወንድ ድምፆች ጋር ነበርኩ። ሲሞን ነው «ካንተ ሌላ ሳውንድ የሚይዝልን የለም፤ ጌታ ጆሮ ሰጥቶሃል» ብሎ ለምኖ ከዘማሪዎቹ መስመር ያወጣኝ። ሲለምነኝ ሌሎቹ ቴነሮችም አብረውት ለምነውኛል።

ዓርብ፣ ጥቅምት 14

ተገዛ!!

ገመቹ ገዛልኝ። አንድ ዶርም ያደርን ጓደኛዬ ነው፤ አሁን አዲስ አበባ አስጎብኚ ድርጅት ውስጥ ነው፤ እነሱ ውጭ የሚከፈልበት ካርድ አላቸው። «በዚህ ዕድሜህ ጊታር ብትገዛ አይሻልም?» አለኝ። ይሳቅ። በኢሜይል «ውድ ደጀኔ፣ ስለመረጡን እናመሰግናለን» የሚል መልእክት በእንግሊዝኛ መጣልኝ። ከውጭ አገር ስመሰገን የመጀመሪያዬ ነው። ለትንቢት ሁለት ጊዜ አነበብኩላት። ለሮሆቦትም ላክሁላት፤ የሳቅ ምስል መለሰችልኝ፣ ከዚያ ልብ።

ረቡዕ፣ ጥቅምት 19

በችኮላ፦

— ማይክ አፍ ላይ አይለጠፍም። አንድ ስንዝር።
— የድምፅ መለኪያው ቀይ ከነካ ተበላሽቷል።
— ሴቭ። ሴቭ። ሴቭ። (ዛሬ መብራት ሲሄድ ባትሪውም አብሮ አለቀ፤ የሠራሁት ሁሉ ጠፋ።)
— ለሙከራ የራሴን ድምፅ ቀዳሁ። ሶፍትዌሩ ዜማ ትክክል መሆኑን በመስመር ያሳያል። የእኔ መስመር ከቡሌ ወደ ዲላ እንደሚወርድ መንገድ ጠመዝማዛ ነው። ሶፍትዌሩ ለወንድ ድምፅ ገና በደንብ አልተሠራም መሰለኝ። ለትንቢት አሳየኋት። ረጅም ጊዜ አየችው። «ማይኩ ይሆናል» አለች።

ቅዳሜ፣ ጥቅምት 29

ዛሬ ትንቢትን ቀዳኋት። ይሄ ቀን መጻፍ አለበት።

ጠዋት ፍራሽ መስኮቱ ላይ አቆምኩ፤ ብርድ ልብስ ከቁም ሳጥኑ እስከ በሩ ዘረጋሁ። ትንቢት ብርድ ልብሱ መሃል ገብታ ቆመች። ልክ «ጀምሪ» ስላት ቆርቆሮው ላይ ዝናብ ወረደ። ጠበቅን። ዝናቡ ሲያባራ ባጃጅ። ባጃጁ ሲያልፍ የየሺሃረግ ዶሮ። ዶሮው ሲሰለቸው ራሷ የሺሃረግ በአጥሩ ላይ «ትንቢትዬ! ባልሽ ብርድ ልብስ ውስጥ ከቶሽ ነው የሚያስለቅስሽ ወይስ እየዘመርሽ ነው?» ብላ ጮኸች። ሦስታችንም ሳቅን፤ ሳቁም ተቀድቷል፤ አላጠፋሁትም።

ከሰዓት በኋላ ሌላ ፈተና መጣ። ዩቲዩብ ላይ ያለው ልጅ ሜትሮኖም ሳትከፍቱ እንዳትቀዱ ብሏል። እኔም ከፈትኩ፤ ጆሮዋ ውስጥ ቲክ ቲክ ይላል። ትንቢት ሦስት ጊዜ ሞክራ ማዳመጫውን አወለቀችው።

«ይሄ ነገር ይገፋኛል።»

«ምቱን እንዳትለቂ ነው እኮ።»

«ደጄ፣ እማማ ካሳነሽ ሲዘምሩ ሰምተሃቸው ታውቃለህ? ዳገት እንደሚወጣ ሰው ነው የሚሄዱት። ሲደክማቸው ዘግየት ይላሉ፤ ሜዳ ላይ ሲደርሱ ፈጠን። እንደሰጠኋችሁ ነው ያሉት።»

ሰምቻቸው አላውቅም። ሜትሮኖሙን አጠፋሁት። ከዚያ በኋላ አንዴ ዘመረች፣ ያው አንዱ በቃ። ብርድ ልብሱን ገልጬ ስገባ ግንባሯ በላብ ርሷል፤ እንደ ሠርጋችን ቀን ታምራለች። ነገርኳትም። «ሂድ ወደዚያ፣ ሴቭ አድርግ» አለችኝ።

እሁድ፣ ጥቅምት 30

የቀረው ኳየር መጣ። በአንዲት ማይክ መጀመሪያ ሴቶቹን፣ ከዚያ ቴነሮቹን፣ ከዚያ ባሶቹን፣ በመጨረሻ ኪቦርዱን ቀዳሁ። አማኑ የሚባለው ባስ ሁልጊዜ ከሰው ቀድሞ ይገባል፤ ዘጠኝ ጊዜ አስደገመን። ሲሞን ቤቴን፣ ብርድ ልብሱን፣ ላፕቶፑን ዞሮ አየ። «ጥሩ ነው» አለ። ድምፁ ግን ሐዋሳ ሐዋሳ ይላል።

ሐሙስ፣ ህዳር 4

በችኮላ። ሲሞን ዛሬ ማታ ቴሌግራም ግሩፑ ላይ ልቀቀው ብሎኛል። ሁሉም ነገር ሆኗል፤ ግን ድምፃችን ቀጭን ነው፤ ክፍል ውስጥ የተዘመረ ይመስላል (ነውም)። ድምፅ አወፍራ አዳራሽ ውስጥ የተዘመረ የምታስመስል ተጨማሪ ትንሽ ፕሮግራም አገኘሁ። ለሙከራ በነፃ። በእንግሊዝኛ ረጅም ነገር ጻፈችልኝ፤ እሺ፣ እሺ፣ እሺ አልኩ። ዋው! አንዷን ስንኝ ብቻ አጫወትኩ፤ ይርጋጨፌ የኮንፈረንሱ ድንኳን ውስጥ ያለን መሰለኝ።

መብራት ሄደ። ባትሪው ቀይ ነው። ትንቢት «ሙሉውን አዳምጠው እንጂ ሳትልከው» ትላለች። ባትሪ የለም! ላክሁት። ሄደ። ወዲያው ላፕቶፑ ጠፋ።

ቅዳሜ፣ ህዳር 6

መብራትም ኔትወርክም ዛሬ ተመለሱ። አዳመጥኩት።

ወይ ጉዴ።

መጨረሻው አዝማች ላይ «ደጅህ ላይ ቆሜያለሁ» ይላል፤ ከዚያ ምንም የለም። ጭጭ። ኪቦርዱም፣ ትንቢትም፣ ባሶቹም የሉም። ማዳመጫው የተነቀለ መስሎኝ ነካካሁት። ከዚያ በድንገት «ሳላንኳኳ በፊት» ብሎ ሁሉም ይመለሳል። «ድምፄን ታውቀዋለህ» የሚለው ስንኝ ተበልቷል።

ያቺ አወፍራለሁ ባይ ፕሮግራም ናት። እሺ እሺ ያልኩትን አሁን ጮክ ብዬ አነበብኩት፦ እስክትገዛኝ ድረስ በየተወሰነ ጊዜ ለጥቂት ሰከንድ ድምፅ አጠፋለሁ ይላል። መዝሙሩ አጭር ስለሆነ አንዴ ብቻ ደርሳበታለች። እኔ ደግሞ በቁርጥራጭ ነው እንጂ ከዳር እስከ ዳር አንድም ጊዜ አልሰማሁትም። ጆሮ የተሰጠው ሰው!

አትቀንሱበት ብለው ነበር። አንድ ሙሉ ስንኝ ቀነስኩባቸው።

ግሩፑን መክፈት ፈርቻለሁ። ነገ በአካል ይንገሩኝ።

እሁድ፣ ህዳር 7

ምን እንደምጽፍ አላውቅም።

የቤተ ክርስቲያኑ በር ላይ ስደርስ ሲሞን ሁለት እጄን ያዘኝ። ዓይኑ እንባ አቅርሯል። «ወንድም ደጀኔ! ያቺ ዝምታ!» አለኝ። እኔ ይቅርታ ልጠይቅ አፌን ስከፍት እሱ ቀጠለ፦ «ሁለቴ ድምፄን ታውቀዋለህ ይላል፤ ሦስተኛው ላይ ዝም። የሚያውቅ ከሆነማ ምን ድምፅ ያስፈልጋል? በልብ ተባለ! እኔ ሐዋሳ ስቱዲዮ ብሄድ እንዲህ የሚያስብ ሰው አላገኝም። ከየት መጣልህ?»

ዙሪያውን ሰው ሁሉ ያየኛል።

«እንዲያው… መጣልኝ» አልኩ።

ምሳ ላይ ትንቢት ወጥ እየጨመረችልኝ «እንዲያው መጣልኝ?» አለች። እየሳቀች ነበር መሰለኝ፤ ፊቷን ወደ ምድጃው አዙራ ስለነበር አላየሁም።

ማክሰኞ፣ ህዳር 16

ለሥራ ይርጋጨፌ ሄጄ ስመለስ ከገደብ በሚመጣ አውቶቡስ ተሳፈርኩ። ሹፌሩ በሚሞሪ የከፈተው መዝሙር የእኛው ነው። የኋላ ወንበር ላይ ያሉ የገደብ ሴቶች አብረው ይዘምራሉ። ያቺ ቦታ ስትደርስ ሁሉም በአንድ ጊዜ ዝም አሉ። የሞተሩ ድምፅ ብቻ። ከዚያ «ሳላንኳኳ በፊት!» አጠገቤ የተቀመጡት ሽማግሌ በክርናቸው ነካ አድርገውኝ «እዚች ጋ ዝም ነው የሚባለው፤ አታውቀውም እንዴ?» አሉኝ፤ እያጉረመረምኩ አብሬ ስዘምር ነበር ለካ።

ኮራሁ። ከዚያ አፈርኩ። ከዚያ እንደገና ኮራሁ። ዲላ እስክገባ እንዲሁ ስለዋወጥ መጣሁ።

እማማ ካሳነሽ እስካሁን አልሰሙትም። እህታቸው ታመው ሊያስታምሙ ቡሌ ወጥተዋል፤ ያለቻቸው ስልክ ባለ ባትሪዋ፣ ቴሌግራም የማትከፍተው ናት፤ እሷም ብዙ ጊዜ ዝግ ናት። ሲመለሱ ይሰማሉ። ሲሰሙ ምን ይላሉ? ከነካካችሁት ሌላውን አልሰጥም። አሥር መዝሙር በእኔ እሺ እሺ ይቀራል ማለት ነው።

ዓርብ፣ ህዳር 26

ላስተካክለው ወሰንኩ። ትንሿንም ፕሮግራም በገመቹ በኩል ገዛኋት። («ቤቱን ለነጮች ሸጠህ ልትጨርስ ነው» አለ።) ስንኙ ተመለሰ፤ የትንቢት ድምፅ እንደ ማር ነው። «የታረመ» ብዬ ግሩፑ ላይ ለቀቅሁ። ከዳር እስከ ዳር ሦስት ጊዜ አዳምጬ!

መልሶቹ፦

«ወንድሜ ይሄኛው ተበላሽቷል።»

«ያቺ የምታስለቅሰው ቦታ የለችም።»

«ኔትወርክ ነው ወይስ ፋይሉ? ዝምታው አይሰማም።»

የመጨረሻው የአማኑ ነው። ሲሞን ደወለ፦ «ወንድም ደጀኔ፣ ሰው ግራ እንዳይጋባ እሱን አጥፋው። ትሕትናህ ገብቶኛል፤ ግን ጌታ የሰጠህን አትመልስ።» እውነቱን ልነግረው «ሲሞን፣ ያ ነገር እኮ…» ስል ካርዱ አለቀበት። አጠፋሁት።

ቅዳሜ፣ ታህሳስ 11

ልምምድ። የዝምታ ልምምድ! አዋቂ ሰዎች ተሰልፈን ዝም ማለት እየተለማመድን ነው። ሲሞን እጁን ወደ ላይ ያነሳል፤ ሁሉም ትንፋሹን ይይዛል፤ ሲያወርድ ይገባሉ። አማኑ እንደልማዱ ቀድሞ ገባ። «ዝምታውን አበላሸኸው!» ተባለ። ቴነሮቹ በጣም አጠረ፣ ሴቶቹ በጣም ረዘመ አሉ። «የሠራው ሰው እዚህ ቁጭ ብሎ የለም? እሱ ይንገረን» ብለው ወደ እኔ ዞሩ።

እኔ በማላውቃት አገር የማላውቀው ሰው የሠራትን ነገር ምን ልበላቸው? «እንደ መንፈስ ቅዱስ ምሪት» አልኩ። አሜን አሉ።

ይሄ ውሸት ነው? ሌሊቱን ሳስበው ነበር። ሰዎቹ ዝም ሲሉ ግን የምር ነው ዝም የሚሉት። ፊታቸውን አያለሁ። እዚያ ፊት ላይ ውሸት የለም። ውሸቱ እኔ ጋ ብቻ ነው ያለው።

ሐሙስ፣ ታህሳስ 23

ከቡሌ ወሬ መጣ። የእማማ እህት ተሽሏቸዋል። እማማ ለኮንፈረንሱ ከዚያው ከቡሌ በቀጥታ ይወርዳሉ፤ «መዝሙሬን ልሰማ እመጣለሁ» ብለዋል አሉ። ሲሞን በደስታ ሊፈነዳ ነው። እኔ ምሳ አልበላሁም።

ቅዳሜ፣ ጥር 2

ሮሆቦት ለገና መጥታ ዛሬ ተመለሰች። በማይክ ማቆሚያና በብርድ ልብስ መሃል ተኛች። «አባ፣ ክፍሌን ቀማኸኝ እኮ» አለች። ከዚያ ማዳመጫውን አድርጋ መዝሙሩን ሰማች፣ ያቺ ቦታ ላይ ዓይኗን ከድና። ስትጨርስ «ስልኬ ላይ አለ፤ ዶርም ውስጥ ስትናፍቁኝ እሱን ነው የምከፍተው» አለችኝ። ወጥቼ ግቢ ውስጥ የማያፈስ ቧንቧ ስፈትሽ ቆየሁ። ናፍቃኛለች። ይኸው ጻፍኩት። መናኸሪያ ሸኝቻት ስመለስ ክፍሉን ጠርጌ አልጋውን ቦታው መለስኩላት፤ ላፕቶፑን ሳሎን አወጣሁት።

ዓርብ፣ ጥር 8

ለትንቢት ሁሉንም ልነግራት አሰብኩ። ተውኩት። ትንቀኛለች።

ቅዳሜ፣ ጥር 16፣ ይርጋጨፌ

በችኮላ፣ ሳውንድ ጠረጴዛው ላይ። ድንኳኑ ጢም ብሏል፤ ውጭም ሰው ቆሟል። ከገደብ በአይሱዙ ተጭነው መጡ። እኛ ከሰዓት ነን። እማማ ካሳነሽ አልመጡም። አልመጡም! ጌታ ይቅር ይበለኝ፣ ደስ አለኝ።

መጡ። ሦስተኛው ረድፍ። ትንሽ ሴት ናቸው፤ ነጭ ነጠላ፣ ከጭቃ የወጣ የላስቲክ ጫማ። ሲሞን ጎንበስ ብሎ ሳማቸው።

ሰኞ፣ ጥር 18

ትናንት ደክሞኝ አልጻፍኩም። ዛሬ ከሥራ በፊት ልጻፈው።

ትንቢት ስትጀምር ድንኳኑ በሙሉ አብሯት ጀመረ። ለካ አገር ሁሉ አውቆታል። የመጀመሪያው አዝማች አለፈ፤ ሁለተኛው አለፈ። እኔ ዓይኔን ከእማማ ላይ አልነቀልኩም። ነጠላቸውን ወደ ትከሻቸው መልሰው፣ እጃቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው፣ አብረው ይዘምራሉ፤ ደስ ብሏቸዋል። የመጨረሻው አዝማች መጣ። «ደጅህ ላይ ቆሜያለሁ።» ሲሞን እጁን አነሳ።

ያ ሁሉ ሺህ ሰው በአንድ ጊዜ ዝም አለ። ሕፃን እንኳ አልጮኸም። አማኑም ቢሆን አልጮኸም።

በዚያ ዝምታ ውስጥ አንድ ድምፅ ብቻውን ቀጠለ። ቀጭን፣ ያረጀ፣ ማይክ የሌለው። እማማ ካሳነሽ ናቸው። ማንም ዝም ይበሉ አላላቸውማ! እሳቸው የሚያውቁት መዝሙራቸውን ነው። «ድምፄን…» ሲሉ ብቻቸውን መሆናቸው ገባቸው፤ ዓይናቸውን ከፍተው ዙሪያውን አዩ። ያቆማሉ ብዬ ነበር። አላቆሙም። መልሰው ጨፍነው፣ ትንቢት እንዳለችው ዳገት እንደሚወጣ ሰው ዘግየት ብለው፣ «…ታውቀዋለህ» ብለው ጨረሱት። ድንኳኑ ጫፍ ድረስ ተሰማ።

የሲሞን እጅ አየር ላይ ቀረ። ማንም ሊገባ አልደፈረም። ከዚያ ትንቢት «ሳላንኳኳ በፊት» አለች፤ ሕዝቡም ገባ። እንዲህ ያለ ነገር ሰምቼ አላውቅም። አለቀስኩ፤ ሳውንድ የያዘ ሰው ማልቀስ የለበትም፣ ቁልፎቹ አይታዩኝም ነበር፣ ግን አለቀስኩ።

ፕሮግራሙ ሲያልቅ እማማ አስጠሩኝ። ከድንኳኑ ጀርባ፣ ምግብ የሚታደልበት ጋ፣ ቆጯቸውን ይዘው ተቀምጠዋል። ሲሞንና ትንቢት አብረዋቸው አሉ።

«ለምንድነው ዝም ያላችሁት?» አሉኝ። «ሁሉም ሰው ጠፋ። ብቻዬን አስቀረኸኝ! ረሳችሁት እንዴ መዝሙሬን?»

ሲሞን ስለ ልብ ጸሎት ማስረዳት ጀመረ። እኔ «እማማ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ፣ እውነቱን…» ስል ትንቢት ቀደመችኝ።

«እማማ፣ ባለቤቴ የቀዳበት ማሽን ሳይገዛ ለሙከራ የተወሰደ ነበር። እዚያች ጋ ድምፅ አጠፋብን። ስንኙን በላው። እሱም ሳያየው መብራት ሄዶበት ላከው። ሰዉ ደግሞ ሆን ተብሎ ነው ብሎ ወደደው። እሱ ሊያርመው ሞክሯል፤ እምቢ አሉት።»

አፌን ከፍቼ አየኋት። ለካ ያኔ ጮክ ብዬ ሳነብ ሰምታኝ፣ ከዚያች ቅዳሜ ጀምሮ ታውቅ ነበር። አልናቀችኝም ነበር።

ሲሞን ቀስ ብሎ ተቀመጠ። ጉርሻው እጁ ላይ ነው። «ማሽን?» አለ።

«ማሽን በላው?» አሉ እማማም። ከዚያ መሳቅ ጀመሩ፤ ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አድርገው፣ ትከሻቸው እየተንቀጠቀጠ። «ይሄ ሁሉ ሰው! ማሽን ነው ዝም ያሰኘው! ፓስተሩም ዝም አለ እኮ!» እኛም ሳቅን። ሲሞን መጨረሻ ላይ ሳቀ፤ አንዴ ከጀመረ ግን እሱ ነው ማቆም ያቃተው።

ሳቁ ሲበርድ ቀጥ ብዬ ቆምኩ። «እማማ፣ አሁን ገዝቼዋለሁ፤ አይበላም። ዛሬ ማታ ስንኙን መልሼ አስገባዋለሁ። እንደሰጡን ይሆናል። አሥሩን ለእኔ ባይሰጡኝም ይህቺን አስተካክላለሁ።»

እጃቸውን በነጠላቸው ጫፍ ጠርገው ትንሽ አሰቡ። ድንኳኑ ውስጥ ሰዎች አሁንም ያንኑ አዝማች እየዘመሩ ነበር። ያቺ ቦታ ስትደርስ ዝም አሉ፤ እማማም ጆሯቸውን ጣል አድርገው ዝምታውን እስኪያልቅ አዳመጡት።

«አታስተካክል» አሉኝ። «አሥሩንም ትቀዳለህ፤ ማሽንህን ይዘህ ኮንጋ ትመጣለህ፣ እኔ ዲላ አልወርድም። ይቺን ግን እንዳለች ተዋት። እዚያች ጋ እኔ እገባለሁ።»